ሸድሊ በምን ትከሻውን ይስበቅ?

እህቴ ረውዳ ሸድሊን ካገባችው ጀምሮ የጠየቀችውን በአፉ መልሶላት አያውቅም ብል ያጋነንኩ ይመስላችኋል። ግን ጎረቤታቸው ነኝ፣ ምሳዬንም ግማሹን ጊዜ የምበላው እነሱ ቤት ስለሆነ እመሰክራለሁ። የሸድሊ መልስ ትከሻው ነበር። «ዓሣው ዛሬ እንዴት ነው?» ሲሉት ትከሻውን ይሰብቃል። «ለማታ ምን ልሥራ?» ትከሻ። «ወንድምህ ከስፋክስ ደውሏል፣ ምን ልበለው?» ትከሻ። ያውም ሁለቱንም አይደለም፤ ቀኙን ብቻ ወደ ጆሮው ከፍ ያደርግና፣ የታችኛውን ከንፈሩን ገልብጦ፣ ሳይቸኩል ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በደሴታችን የአጣያ ወደብ ባለው ሻይ ቤቴ ውስጥ የሚቀመጡት ዓሣ አጥማጆች አንድ ነገር አላውቅም ለማለት ሲፈልጉ «ሸድሊን ጠይቀው» ይሉ ነበር።

ያ ትከሻ ነው ጉድ ያደረገው። በአንድ የበጋ ቀን ኦክቶፐስ የሞላ ቅርጫት ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ረምላ ከተማ ወደሚደረግ ሰርግ ይሄድ ነበር። ከኋላው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ «በግራ ነው በቀኝ?» ብዬ ጮህኩ። ሸድሊ ትከሻውን ሰበቀ። ሞተሩ መሐል ላይ የቆመውን የቴምር ዛፍ መረጠ።

እኔ ጉልበቴ ተላጠ። ኦክቶፐሶቹ ከሁለታችንም በተሻለ ሁኔታ አረፉ። ሸድሊ ግን ራሱ ወደ አንድ በኩል፣ ቀኝ ትከሻው ወደ ሌላ በኩል ሲሄዱ፣ ከአንገት ወደ ክንድ ከሚወርዱት ነርቮች አንዳንዶቹ ተስበው ተበጠሱ። ባሕር ማዶ ስፋክስ ከተማ ወስደን ስናሳየው ሐኪሞቹ ጠብቁ አሉን። ጠበቅን። ጣቶቹ ይጨብጡ ነበር፤ ክርኑም ከጊዜ በኋላ መታጠፍ ጀመረ። ክንዱ ግን ከትከሻው ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ። ትከሻውን ክብ የሚያደርገው ሥጋ ቀስ በቀስ ሟሽሾ አጥንቱ ከሸሚዙ ሥር ይታይ ጀመር። የሸራ ገመድ መሳብ ቀረ፤ ኦክቶፐስ የሚያጠምድባቸውን ማሰሮዎች ከባሕር ማውጣትም ቀረ። ጀልባውን የአጎቱ ልጅ ወሰዳት፣ ሸድሊም ሻይ ቤቴ በር ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ሸራ ሲቆጥር ይውል ጀመር።

የሚገርመው ግን ትከሻ መስበቁ አልቀረም። ያ ጡንቻ ደህና ነበር። ክንዱ እንደሞተ ተንጠልጥሎ፣ ትከሻው ብቻ እንደ ድሮው ወደ ጆሮው ይወጣል።

«ክንድህን ወስዶ ትከሻህን ተወልህ» አለችው ረውዳ አንድ ቀን። «እስቲ አሁን እኔ ምን ብዬ ልጸልይ?»

ሸድሊ ትከሻውን ሰበቀ።

ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ስፋክስ ውስጥ ነርቭ የሞተበትን ክንድ የሚያነሳ ቀዶ ሐኪም አለ ተባለና ሦስታችንም ተሳፍረን ሄድን። ዶክተር ፈርሐት ይባላል፤ አጭር፣ እጆቹ ግን የአናጢ እጅ የሚመስሉ ሰው ነው። ሸድሊን ሸሚዙን አስወልቆ ዙሪያውን ዞረና «ትከሻዎን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ይችላሉ?» አለው።

ረውዳ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ዶክተር፣ እሱ ሌላ ነገር ማድረግ አይችልም!»

ሸድሊ ሰበቀ። ሐኪሙ ከአንገቱ እስከ ትከሻው ጫፍ ያለውን ጡንቻ ጨበጠና ቅንድቡን አነሳ። «ማሻ አላህ! እንዲህ ያለ ጡንቻ የወደብ ተሸካሚ ላይ እንኳ አላየሁም።»

«ከተጋባን ጀምሮ ሲሠራበት ነው» አለች ረውዳ።

«እንግዲያው እድለኛ ነው» አለ ዶክተር ፈርሐት፣ ወንበር ስቦ ሸድሊ ፊት እየተቀመጠ። «ይስሙኝ። ክንድዎን የሚያነሳው ጡንቻ ሞቷል፤ እሱን አላስነሳውም። ይህኛው ግን ሌላ ነርቭ ስለሚያዘው ጤነኛ ነው። ጫፉን ከተጣበቀበት የአጥንት ቁራሽ ጋር ቆርጬ፣ ወደ ታች እስበውና የክንድዎ አጥንት ላይ በብሎን አስረዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ትከሻዎን ልስበቅ ሲሉ የሚነሳው ክንድዎ ነው።»

ሸድሊ ሐኪሙን አየ፣ ረውዳን አየ፣ እኔን አየ። ከአደጋው በኋላ እንዲህ ደንግጦ አላየሁትም።

«ከዚያ በኋላ እኔ በምን ልስበቅ?» አለ።

ረውዳ በነጠላ ጫማዋ ወለሉን እየደበደበች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሐኪሙ ግን ከምሩ ነበር። ተነስቶ የክፍሉን በር ያዘና ማጠፊያው አጠገብ በጣቱ ገፋው። በሩ ንቅንቅ አላለም። እጀታው ጋ ሲገፋው ወለል አለ። «አያችሁ? ጡንቻውን የማስረው እዚህ፣ ማጠፊያው አጠገብ ነው። ስለዚህ ብዙ ጉልበት አውጥቶ ትንሽ ነው የሚያነሳው። እስከ ደረት፤ አላህ ካለ እስከ ትከሻ ቁመት። ከራስ በላይ ብዬ አልዋሽዎትም።»

«ለምን ዝቅ አድርገህ እጀታው ጋ አታስረውም?» አልኩ እኔ።

«አይደርስማ! በግድ ብስበው ደግሞ ነርቩ ይጎዳል። አወጣጠሩም ልክ አለው። ላላ ካደረግኩት ክንዱ አይነሳም፤ ካከረርኩት አይወርድም። የሸራ ገመድ አስራችሁ ታውቁ የለ?»

«ላላ አድርገው» አለች ረውዳ። «ከእኔ ሳህን ሥጋ ማንሳት እንዳይችል።»

ሸድሊ የስምምነት ወረቀቱ ላይ በግራ እጁ ፈረመና ወጣን።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነበር። አዲሱ መታሰሪያ አጥንቱ ላይ እስኪይዝ ክንዱ መውረድ የለበትም ተብሎ፣ ከወገቡ በሚነሳ የፕላስቲክና የብረት ድጋፍ ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ ታሰረ። በዚህ ሁኔታ ለሳምንታት ሊቆይ ነው። ወደ ደሴታችን ስንመለስ መርከቧ ላይ የሁለት ሰው ቦታ ያዘ። አንዲት አሮጊት ባዶ ወንበር የሚጠቁማት መስሏት «አላህ ይባርክህ ልጄ» ብላ እጁ ወዳመለከተው አቅጣጫ ሄደች፤ እዚያ ያለው የሞተር ክፍል ነበር።

አጣያ ውስጥ ደግሞ ሰው አላስቀመጠው አለ። የሚያልፈው ሁሉ እጁን ይጨብጣል። የዳቦ ከረጢታቸውን «አንዴ ያዝልኝ» ብለው አንጠልጥለውበት ሱቅ የሚገቡ ነበሩ። ከሁሉ የከፋችው ግን የራሱ ሚስት ናት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለው። ረውዳ ኦክቶፐስ የምታደርቅበት ገመድ ሞልቶባት ኖሮ፣ የተረፋትን አንዱን ትልቅ ኦክቶፐስ እግሮቹን ዘርግታ ክንዱ ላይ ሰቀለችው። ሸድሊን ያነቁት ዝንቦቹ ናቸው። ያን ቀን እስኪመሽ አኩርፎ አላናገራትም፤ ልዩነቱን ግን ማንም አላስተዋለም።

ትከሻ መስበቅም ለጊዜው ክልክል ነበር። በግራው ሞከረ። ግን ግራው አልለመደም፤ ሲሰብቀው ሊያስነጥሰው የያዘ ሰው ይመስል ነበር። ሰዉም «ይማርህ» እያለ ያልፋል።

ድጋፉ ሲወልቅ ረምላ ወደምትሠራው ፊዚዮቴራፒስት ወሰድነው። ኢንሳፍ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ግን የጀልባ አለቃ ድምፅ ነው። ሸድሊን ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጣ ክንዱን በሚንሸራተት ጨርቅ ላይ አሳረፈችው።

«በሉ አጎቴ ሸድሊ፣ ክንድዎን ያንሱ።»

ሸድሊ ጥርሱን ነከሰ። ግንባሩ ላይ ላብ መጣ። ክንዱ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ቀረ።

«እንደ ድሮው እያነሱት ነው» አለች። «አእምሮዎ ትዕዛዙን የሚልከው ወደ ድሮው አድራሻ ነው፤ እዚያ ቤት ደግሞ ሰው የለም። ክንዱን ይርሱት። ትከሻዎን ይስበቁ።»

ይሄ ለሸድሊ ቀላል ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኛም እንደዚያ ነበር ያሰብነው። ሰውየው ግን ስበቅ ሲሉት አልሰበቅ አለ። ዕድሜ ልኩን ሳያስበው ሲያደርገው የኖረውን ነገር ታዞ ሊያደርገው አልቻለም። አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ክንዱ ፍንክች አይልም። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውንም ሳምንት እንዲሁ። ኢንሳፍ ለዶክተር ፈርሐት ደወለች፤ እሱም ብሎኑ ደህና ነው፣ ጡንቻው ደህና ነው፣ የጎደለው ሰውየው ራሱ ነው አላት። ሸድሊ በመስኮት ወደ ባሕሩ ማየት ጀመረ። ያኔ በጣም አሳዘነኝ፤ የሚቀልድበት ሁሉ ቢያየው አፉን ይይዝ ነበር።

ረውዳ ጥግ ላይ ወንበር ይዛ ሹራብ ትሠራ ነበር። ከሥራዋ ቀና ሳትል «ሸድሊ» አለችው፣ «የጋብቻ ቀለበትህን ግን የት ነው የጣልከው?»

ክንዱ ከጠረጴዛው ተነሳ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ስንዝር ብትሆን ነው። ግን አየር ላይ ነበር፤ ሁላችንም አየነው፣ እሱም አየው። የታችኛው ከንፈሩ ገና እንደተገለበጠ ነበር።

ኢንሳፍ በሹክሹክታ «ደግመው ይጠይቁት» አለች።

«የእናቴን ድስት ማን ሰበረው?»

ተነሳ።

«ከገበያ አምጣ ያልኩህን ዘይት ለማን ሰጥተህ ነው የመጣኸው?»

ተነሳ!

«ባለፈው ረመዳን አንተና ወንድሜ ጀሉል የት ነበር ያመሻችሁት?»

ሸድሊ ክንዱን አነሳ፣ እኔም ትከሻዬን ሰበቅኩ። ረውዳ ሹራቧን ጥላ ሁለታችንንም አቀፈችን፣ ከዚያም ሁለታችንንም መታችን።

ኢንሳፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕክምናውን ቀየረችው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጥያቄ እንዲጠየቅ አዘዘች፤ መጀመሪያ ክንዱ በጠረጴዛ ተደግፎ፣ ከዚያ ሳይደገፍ፣ ከዚያ እጁ ላይ ትንሽ ክብደት ይዞ። ወሬው አጣያ ሲደርስ ሻይ ቤቴ ክሊኒክ ሆነ። ማንም የሚገባ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሸድሊ፣ ነገ ነፋሱ ከየት ነው?» ይላል። ክንዱ ይነሳል፣ ቤቱ ያጨበጭባል። «ሸድሊ፣ አማቴ መቼ ነው ወደ ቤቷ የምትመለሰው?» ይነሳል። መልሱን የማያውቃቸው ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ ጡንቻው በፍጥነት ጠነከረ። ቀበቶው ጋ ይደርስ የነበረው እጅ ደረቱን አለፈ።

ችግሩ ትከሻ የሰበቀ ሰው ምንም አላለም፤ እጁን ያነሳ ሰው ግን አንድ ነገር ብሏል። መንገድ ዳር ቆሞ ሲያስብ ታክሲ ይቆምለታል። ከአስተናጋጄ ጋር ሲያወራ ሳያዝዝ ሻይ ይመጣለታል። አንዴ ቀብር ላይ አንዱ ሟቹ ስንት ዓመቱ ነበር ብሎ ጠየቀውና፣ ክንዱ ሲነሳ ኢማሙ ንግግር ሊያደርግ መስሎት ዝም አለለት።

ከዚያ የበረዶ ቤቱ ስብሰባ መጣ። ወደባችን ላይ ለዓሣው በረዶ የሚሠራ ማሽን አለ፤ ማሽኑ የሚሠራው ሲያሻው ነው። የበረዶ ቤቱ ኃላፊ የሆነ ሰው ደሞዝ የለውም፣ ስድብ ግን አይጎድልበትም። ሐጅ ሳሲ ለብዙ ዓመት ተሸክሞት ቆይቶ በቃኝ አለ። ስብሰባው ላይ «ማን ይረከበኛል?» ሲል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ሸድሊ ጥግ ላይ ነበር፤ ረውዳ ከዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ጋር በሩ አጠገብ።

ሐጅ ሳሲ ጢሙን አሻሸና ዞር ብሎ፣ ድምፁን ማር አድርጎ «አንተ ሸድሊ፣ ለመሆኑ ማን ቢሆን ይሻላል ትላለህ?» አለው።

ሸድሊ ለማሰብ ጊዜ አላገኘም። ክንዱ መዳፉ እንደተዘረጋ እስከ ትከሻው ቁመት ወጣ። ይህን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም ነበር።

«አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ ሐጅ ሳሲ። «ፈቃደኛ ተገኘ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«አይ! አይ!» አለ ሸድሊ ብድግ ብሎ። «እኔ ትከሻዬን ነው የሰበቅኩት!»

«ትከሻው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እጁስ?»

«እሱም የእኔ ነው፣ ግን ሐጅ፣ ዶክተሩ ጡንቻውን ከዚህ ነቅሎ እዚህ…»

«አላህ ይስጠው፤ እኛን አስቦ ነው።» ሐጅ ሳሲ የበረዶ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ወረወረው። ሸድሊ ሳያስበው በቀኝ እጁ ቀለበው፤ ጭብጨባው ሌላ ዙር ተነሳ። ዞር ብዬ ሳይ ረውዳ ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች። በኋላ ሐጅ ሳሲን ማን እንደመከረው ስጠይቃት፣ ትከሻዋን ሰበቀች።

ሸድሊ ቁልፉን ሊመልስ ሁለት ሦስቴ ሞከረ፤ ሐጅ ሳሲ ሲያየው በጓሮ በር ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲኦል ነበሩ። ዓሣ አጥማጆቹ ከባሕር መጥተው «በረዶ የለም ወይ?» ሲሉት ክንዱ ይነሳል፤ አንዱ ሊመታኝ ነው ብሎ ቀደመውና ሸሚዙን ይዞ ሲጎትተው እኔ ነኝ የገላገልኩት። በማግሥቱ ሸድሊ ረምላ ሄዶ ኢንሳፍ ፊት ተቀመጠ።

«ልጄ፣ መልሺልኝ።»

«ምኑን አጎቴ?»

«ትከሻዬን።»

ኢንሳፍ ሳቀች፣ ግን መስታወት ፊት አስቀምጣ ታሠራው ጀመር። አእምሮው ቀስ በቀስ አዲሱን አድራሻ እየለመደ ነው አለችው፤ ቆይቶ ክንዱን ሲፈልግ ብቻ ያነሳዋል፣ ሲጠየቅ ዝም ሊያሰኘው ይችላል። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ መፍትሔ ብቻ ነው ያለው።

«ምንድነው እሱ?»

«በአፍዎ ይመልሱ።»

ሸድሊ በአፉ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ «የለም» ብቻ ነበር። ከዚያ «ነገ» መጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጠዋት ሻይ እየቀዳሁ «የማሽኑ ቺንጊያ ተበጥሷል፣ ከስፋክስ አስመጥቻለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ኑ» ሲል ሰምቼ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ሰዎቹም ሳይሳደቡ ሄዱ። ሸድሊ ራሱ ገርሞት ከኋላቸው ሲያያቸው ቆየ።

በመጸው ጀልባውን ከአጎቱ ልጅ ተቀበለ። ገመዱን ደረቱ ቁመት ላይ በመዘውር እንዲሳብ አድርጎ አሰረው፤ ጸጉሩን ግን እስከዛሬ በግራው ነው የሚያበጥረው፣ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ የምታወርድለትም ረውዳ ናት። ዶክተር ፈርሐት እንዳለው ነው የሆነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም።

አንድ ዓርብ ከሰላት በኋላ እነሱ ቤት ነበርኩ። ረውዳ በደረቀ ኦክቶፐስ የተሠራ የገብስ ሾርባ አቅርባ፣ የበርበሬ ድልሁን፣ ሐሪሳውን፣ እያማሰለች ድንገት ባሏን አየችው።

«ሸድሊ፣ መቼም አንደበት አውጥተሃል። ያገባኸኝ እናትህ ልካህ ነው ወይስ ራስህ ፈልገህ?»

ይህን ጥያቄ ከሰርጋቸው ጀምሮ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ክንዱ ከጠረጴዛው ሊነሳ ሲል፣ «አውርደው!» አለችው። ሸድሊ በግራ እጁ ቀኙን ይዞ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሾርባውን አየ። እኔን አየ። እኔም ሾርባዬን አየሁ።

«ራሴ» አለ።

«ውሸት! እናትህ ነፍሷን ይማር፣ እኔ ነኝ የላክሁት ብላ በአፏ ነግራኛለች።»

«የላከችኝማ ለሀያት ነበር።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሀያት ታላቃችን ናት፤ መድኃኒት ቤት ካለው ባሏ ጋር ሱስ ከተማ ትኖራለች።

«ሀያትን ጠይቅ ብላ ላከችኝ» አለ ሸድሊ ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን እንደ ሹል ድንጋይ እየረገጠ። «በሩን የከፈትሽው ግን አንቺ ነሽ። እጅሽ በዓሣ ቅርፊት ተሸፍኗል፣ ቢላዋ ይዘሻል። ምን ትፈልጋለህ አልሽኝ። የመጣሁበት ነገር ጠፋብኝ። ገብቼ አባትሽን አንቺን ጠየቅኩ። እናቴ ወሩን ሙሉ አላናገረችኝም።»

ረውዳ የሐሪሳውን ሳህን ገፋ አደረገችው። «ይህን ሁሉ ዘመን ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«እህትሽ ናታ። ብትሰማ ታዝናለች ብዬ ነው።»

ረውዳ ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች። ከዚያ ግን ረውዳ ናትና ስልኳን አነሳች፤ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፍ አድርጋ ሀያት ጋ ደወለች።

«ሀያት! ሸድሊ መጀመሪያ የተላከው ለአንቺ ነበር፣ ታውቂያለሽ?»

ከወዲያ በኩል የሀያት ሳቅ ቤቱን ሞላው። «እንዴት አላውቅም! በመስኮት ሲመጣ አይቼው አይደል፣ አንቺ ውጪና ክፈቺ ብዬ የላክሁሽ! ያ ትከሻ ሰባቂ ሊሆንልኝ? ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ልኖር?»

ረውዳ ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እና ምን ትላለህ?»

ሸድሊ ዳቦውን ቆርሶ ሾርባው ውስጥ ነከረ።

«ሀያትን አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጣት» አለ።